የጓሮ ዛፍና የበጋ ውርጭ



የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ዛፍ አጠባበቅ ሊጽፍ ሲነሣ «ይህስ የግብርና ተማሪዎች ፈንታ አይደለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብለት አልጠራጠርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኔን ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ አንድ ቃል ነው፤ ስለ ቃል መነጋገር ደግሞ የእኛ የቋንቋ ተማሪዎች ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉም «ክረምት» ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ሁለት ዓመት ይሆናል፤ ሐምሌ ላይ አንድ የአቮካዶና አንድ የሎሚ ችግኝ አግኝተው ከቤታቸው በታች ባለው ጓሮ ተከሉ። ችግኞቹ ዝናቡ ተስማምቷቸው አደጉ፤ እስከ ጥቅምት ድረስም አዲስ ቅጠል ከማውጣት አላቋረጡም። ጥቅምት ሲጋመስ አክስቴ ስልክ ደውለው «ልጄ፣ አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፤ ውርጭ ሳይመጣ ለእነዚህ ምን ላድርግላቸው?» አሉኝ። እኔም ኩራት ብጤ ተሰምቶኝ በብርድ አገር የተጻፈ አንድ የአትክልት መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት አወጣሁ። መጽሐፉ ክረምት ሳይገባ ከዛፉ ግርጌ ወፍራም ጭድ እንዲነጠፍ፣ ግንዱም በጨርቅ እንዲጠቀለል ያዝዛል። ቃል በቃል ተርጕሜ ነገርኳቸው። እሳቸውም የገብስ ጭድ አንድ ስንዝር ያህል አነጠፉ፤ ግንዶቹንም በጆንያ ጠቀለሉ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል በአንድ ማለዳ አቮካዶው የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ተገኘ፤ ሎሚውም እስከ ግማሹ ድረስ ተለበለበ። ከአጥር ማዶ በጎረቤታቸው ግቢ በዚያው ሰሞን የተተከለ አቮካዶ ነበር፤ ማንም ምንም ሳያደርግለት ጫፍ ጫፉ ብቻ ተነክቶ ተረፈ። አክስቴ አልተቆጡኝም። «መጽሐፉ የፈረንጅ ነዋ» ብለው ዝም አሉ። የሽማግሌን ዝምታ ከቁጣ አብልጦ የሚፈራ ሰው ይረዳኛል፤ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ሳላውቅ መቀመጥ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ ያየሁትንና የግብርና ተማሪ ጓደኞቼን እያሰለቸሁ የጠየቅኩትን ነው እዚህ የማቀርበው።

ከቃሉ እንጀምር። በእኛ በአበው አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። እንግዲህ ክረምት ለእኛ የዝናብ ወራት ስም ነው። የአውሮፓን ወቅቶች ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች ግን በረዶ የሚወርድበትን፣ ዛፍ ሁሉ ራቁቱን የሚቆምበትን የዓመት ክፍል እንዲሁ «ክረምት» አሉት። አልፈርድባቸውም፤ ሌላ ምን ይሉታል? ሆኖም «በክረምት ዛፍህን ከብርድ ጠብቅ» የሚለውን ምክር እንደ ተጻፈ የሚፈጽም የመንዝ ሰው ዛፉን ሐምሌ ላይ ይጠቀልልና መስከረም ላይ ይፈታዋል። ውርጭ የሚመጣው እሱ ፈትቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በደጋው አገራችን ውርጭ ከጥቅምት እስከ ጥር ይታያል፤ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ይበረታል። በዘወትር ንግግራችን ዝናብ የሌለበትን ጊዜ ሁሉ በጋ ስለምንለው እኔም ከዚህ በታች ይህንኑ ጊዜ በጋ እለዋለሁ።

ሐምሌ ቀኑን ሙሉ እያንቀጠቀጠን ዛፍ አይገድልም። ኅዳር ግን በቀትር አናት የሚያቃጥል ፀሐይ እያለው በሌሊት ይገድላል። ምክንያቱ ሰማዩ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት መልሳ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። ደመና ካለ የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበትም እንደዚሁ ያደርጋል። የሐምሌ ሌሊት እንግዲህ ብርድ ልብስ ደርቦ እንደ ተኛ ሰው ነው። ጥቅምት ሲመጣ ደመናው ይገፈፋል፣ አየሩም ይደርቃል፤ ምድር ልብሷን ተገፍፋ ታድራለች። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች መሆኗን ያስታውሷል።

ነፋስም የራሱ ድርሻ አለው። ነፋስ ባለበት ሌሊት ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ከታች ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋር ይደባለቃልና ውርጭ እምብዛም አይጥልም። ጸጥ ባለ ሌሊት ግን ቀዝቃዛው አየር ክብደት ስላለው ከመሬት ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከበላዩ ይንሳፈፋል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በኅዳር ማታ ከአንድ ጉብታ ላይ ሆኖ መንደሩን የተመለከተ ሰው ከየጎጆው የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ጥቂት ከወጣ በኋላ ጣራ የተገደገደለት ይመስል በአግድሞሽ ተዘርግቶ ሲቀር ያያል። ጭሱ የቆመበት ቦታ ሞቃቱ አየር የሚጀምርበት ነው። እንዲህ ያለውን ጭስ ካዩና ከዋክብቱም ደምቀው ከወጡ፣ ሌሊቱ ለዛፍ ክፉ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትር ያለው ሰውም ቢሆን በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ መሣሪያ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲያሳየው ደኅና ነኝ ብሎ እንዳይተኛ፤ ለሰማይ የተጋለጠ ቅጠልና ሣር ከዙሪያው አየር ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ መሬት ላይ አመዳይ ሊጥል ይችላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን የበጋ ትንበያ መከታተል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጓሮ ያለውን ልዩነት ከባለጓሮው በቀር የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አክስቴ ጭድ ልመለስ። ቀን ፀሐይ የሞቀው መሬት የሌሊት ምድጃ ነው። በተለይ እርጥብና ጠቅጠቅ ያለ መሬት ብዙ ሙቀት ያጠራቅማል፤ ሌሊትም ቀስ በቀስ ለላዩ ቅጠል ይሰጣል። ደረቅ ጭድ ሲነጠፍበት ግን ሁለት ጉዳት ይደርሳል። በመጀመሪያ ቀን ፀሐዩ አፈሩን እንዳያሞቀው ይከለክላል፤ ቀጥሎም አፈሩ ውስጥ ያለችው ሙቀት ሌሊት ወደ ቅጠሉ እንዳትወጣ ትታፈናለች። ሙቀቱ ከጭዱ በታች ቀርቶ ቅጠሉ ከጭዱ በላይ ሆኖ ይቀዘቅዛል። ታዲያ መጽሐፉ ዋሸ ማለት ነውን? አልዋሸም። እዚያ አገር መሬቱ ራሱ ለወራት በረዶ ሆኖ ይደርቃል፤ ቅጠል ቀድሞ ረግፏልና የሚጠበቀው ሥር ነው። የእኛ መሬት ግን በጥልቀት አይቀዘቅዝም፤ የእኛ ሥር አይሞትም፤ የሚሞተው ቅጠሉና ለጋ ቅርንጫፉ ነው። የጎረቤት አቮካዶ ከግርጌው ጭድ አልነበረም፤ ማታ ማታ የልብስ አጠባ ውሃ ይደፋበት ነበር። ሰዎቹ ለዛፉ ብለው ያደረጉት አይደለም።

ከዚህም የበለጠ ልዩነት አለ። በሞስኮ አጭሩ ቀን 7 ሰዓት ያህል፣ ረጅሙ ከ17 ሰዓት በላይ ነው። የዚያ አገር ዛፎች ቀኑ ሲያጥር ወይም ብርዱ ቀስ በቀስ ሲጨምር ይህን እንደ ምልክት ቈጥረው ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፣ እድገታቸውን ያቆማሉ፣ ይተኛሉ። በሚገባ የተኛ የፖም ዛፍ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ብርድ ችሎ ይወጣል። በደብረ ብርሃን ግን በአጭሩና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዛፉ የሚያነበው የቀን መቁጠሪያ የለውም። ቀን ፀሐዩ «እደግ» ይለዋል፣ ሌሊት ውርጩ ይገድለዋል፤ እንቅልፍ ያልወሰደው ሆኖ ሳለ ይመታል። ያው የፖም ዛፍ አበባው ከፈነዳ በኋላ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ ጉዳት ይጀምረዋል፤ 4 ዲግሪ ሲደርስ ከአበባው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በሐሩር ክልል ከፍተኛ ተራሮች ያለውን ዕፀዋት ያጠኑት ስዊድናዊው ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ የተራሮቹን አየር ጠባይ ያስረዱት በዚህ ዐይነት ነው፤ የፈረንጅ በጋና የፈረንጅ ክረምት በየዕለቱ እየተፈራረቁ እንደሚመጡ አድርገው። ለዚህ ኑሮ የተፈጠረውን ተክል ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ስሜን ተራሮች ሄዶ ጅብራን ይመልከት። ጅብራ ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ መካከል ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናል፤ ሲነጋ መልሶ ይዘረጋል። ውጫዊ ቅጠሎቹ ብርዱን ይቀበሉታል፣ የውስጡ ልጅ ይድናል። አቮካዶና ሎሚ ይህን አያውቁም። እኛ ማታ ማታ ጅብራ እንሁንላቸው ማለት ነው።

ነገሩ የጓሮ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሐምሌ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) በብራዚል የፓራና ግዛት አንድ ሌሊት የወረደ ብርድ የቡናውን ተክል አወደመው። ብራዚላውያን «ጥቁር ውርጭ» ይሉታል፤ አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ነጭ አመዳይ ሳይታይ ቅጠሉ በቀጥታ ይጠቁራልና። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ናረ፤ ቡና ሻጭ የሆነችው አገራችንም ከዋጋው ተጠቅማለች። ሰው በሰው ውርጭ ይከብራል እንግዲህ።

ውርጭ እንዴት እንደሚገድል በአጭሩ ልግለጽ። መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል ያለው ውሃ ነው። ይህ በረዶ ከየሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያድጋል፤ ሕዋሱም እየደረቀ ይሄዳል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። ጠዋት ሲቀልጥ የተጎዳው ሕዋስ ፈሳሹን ይለቃል፤ ቅጠሉ የተቀቀለ መስሎ ይጠቁራል። መቅለጡ ድንገተኛ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ስለ ግድግዳ ስናገር ይጠቅመናል።

የዛፎቹ ጠባይ አንድ አይደለም። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ጌሾ የደጋ ተወላጆች ናቸውና ስለ እነሱ ብዙ አንጨነቅም፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ መጠበቅ ነው። ኮክና ፕሪም ዛፋቸው ጠንካራ ሲሆን አበባቸው ለስላሳ ነው። ፓፓያና ሙዝ ውርጭ በሚጥልበት ጓሮ ባይተከሉ ይሻላል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይበላሻሉ። ዘይቶንና ማንጎ ልጅ ሳሉ እንዲሁ ናቸው።

ፖም ለብቻው ይነገር። ፖም ብርዱን የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ ከ7 ዲግሪ በታች የሆኑ ብዙ መቶ ሰዓታት ካላገኘ በወጉ አያብብም። የአውሮፓ ዝርያዎች አብዛኞቹ እስከ 1,000 ሰዓት ይጠይቃሉ። እስራኤል ውስጥ የተገኘው «አና» የተባለው ዝርያና ከባሃማስ የመጣው «ዶርሴት ጎልደን» ግን በ300 ወይም ከዚያ ባነሰ ሰዓት ይበቃቸዋል። አና ብቻውን ቢተከል በሚገባ አያፈራም፤ ዶርሴት ጎልደንን የመሰለ ጓደኛ ይፈልጋል። በጋሞ ደጋ በጨንቻ ፖምን ሚሲዮናውያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አምጥተው ዛሬ የአካባቢው ገበሬ መታወቂያ ሆኗል። እንግዲህ ለፖም ብርድ ምግቡም ጠላቱም ነው፤ ተኝቶ ሳለ ምግቡ፣ አብቦ ሳለ ጠላቱ።

አቮካዶ ሦስት ወገን አለው፤ የሜክሲኮ፣ የጓቴማላና የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች። ብርድን በመቻል የሜክሲኮው ይበልጣል፣ የደሴቶቹ ያንሳል፣ የጓቴማላው በመካከል ነው። ችግኙን የሚሸጥ ሰው ዝርያውን ባያውቅ ገዢው ራሱ ቅጠሉን በጣቱ አሸት አድርጎ ያሽትተው፤ እንስላል እንስላል ካለ የሜክሲኮ ደም አለበት።

በሎሚ ላይ ደግሞ ሁለተኛው የቃል ወጥመድ ይመጣል። በውጭ መጻሕፍት «ሎሚ» ተብሎ የሚተረጐመው ትልቁ፣ ሞላላውና ቢጫው ነው። እኛ በገበያ ሎሚ የምንለው ግን ትንሹ፣ ክቡና ቀጭን ልጣጭ ያለው ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ብርድ የሚፈራው እሱ ነው። ብርቱካን ከሁለቱም ይሻላል፤ መንደሪን ደግሞ ከብርቱካንም ይጠነክራል። ስለዚህ «ሎሚ ይህን ያህል ብርድ ይችላል» የሚል መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለ የትኛው ሎሚ እንደሚናገር ይጠይቅ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ስለ ሥራው ስንነጋገር ዋናው የተከላው ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥገና ነው። ቀዝቃዛ አየር እንደ ጎርፍ ቁልቁል ይወርዳል፤ በረባዳ ቦታም ይቋጠራል። የአክስቴ ጓሮ ከቤት በታች መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ከጓሮው በታች ደግሞ የድንጋይ ካብ አለ። ከኮረብታው የወረደው ብርድ ከካቡ ደርሶ መውጫ ሲያጣ እንደ ተገደበ ውሃ እዚያው ይሞላል። ችግኞቹ የተተከሉት በዚህ ኩሬ ውስጥ ነበር። ካቡ ከጓሮው በላይ ቢሆን ኖሮ ብርዱን ወደ ጎን በመለሰው ነበር። ስለዚህ ከላይ ያለውን አጥር ማጥበቅ፣ ከታች ያለውን አጥር በአንድ ቦታ ከፈት ማድረግ ይገባል። ዐምና አክስቴ ከታችኛው ካብ አንድ የበር ስፋት ያህል ድንጋይ አንሥተው በመካከሉ እንጨት ብቻ አጋደሙ፤ በጉ አይወጣም፣ ብርዱ ግን ይወጣል።

ሁለተኛው ግድግዳ ነው። በቤት ግድግዳ አጠገብ የሚተከል ዛፍ ከግድግዳው በስተ ምዕራብ ቢሆን ሁለት ጥቅም ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ግድግዳውን አሙቆት ይገባል፤ ግድግዳውም ያን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ጠዋት ደግሞ የግድግዳው ጥላ የማለዳው ፀሐይ የቀዘቀዘውን ቅጠል ድንገት እንዳያገኘው ይከልለዋል። ብዙ ሰው ግን «ችግኙ በማለዳ ይሙቀው» ብሎ በምሥራቅ በኩል ይተክላል። ልብ ቀና ነው፤ ዛፉ ግን ይከፍልበታል።

ፍግ ጥሩ ነገር ነው፤ ጊዜው ግን አለው። ከመስከረም በኋላ ለዛፍ ፍግ መስጠት በጥቅምት ለጋ ቅጠል እንዲያወጣ መገፋፋት ነው፤ ለጋው ቅጠል ደግሞ የውርጭ የመጀመሪያ ቍርስ ይሆናል። መግረዝም እንደዚሁ አዲስ ቡቃያ ይጠራልና በዚህ ወራት ይቆየን። ውሃ ግን አይቋረጥ፤ በጋው ደረቅ ነውና የተጠማ ዛፍ ብርድን ያነሰ ይችላል፤ እርጥብ መሬትም ምድጃችን መሆኑን ቀደም ብለን አይተናል። ውርጭ በተፈራበት ቀን ሳር ቅጠሉን ከግርጌው አጽድቶ ረፋድ ላይ አንድ ሁለት ባልዲ ማጠጣት ነው።

ማታ ማታ የሚሸፈነው እንዲህ ነው። ሦስት ወይም አራት ዕንጨት በዙሪያው ተክሎ ከላይ አገናኝቶ ትንሽ ጎጆ መሥራት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ማለትም 11 ሰዓት ግድም፣ ጆንያ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ከአናቱ እስከ መሬት ድረስ መጣል። እስከ መሬት የሚለውን አሰምርበታለሁ። ግንድን ብቻ መጠቅለል፣ ወይም አናቱን አልብሶ ከግንዱ ላይ ማሰር፣ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ውጪ ማስቀረት ነው። የምንሸፍነው ዛፉን ብቻ ሳይሆን ምድጃውንም ጭምር ነው። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ፤ የነካበት ቦታ ይቀዘቅዛል። ብርዱ የሚጠናው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ በሌሊት ተነሥቶ መግለጥ አይገባም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ላይ አመዳዩ ከሣሩ ሲለቅ ይገለጣል። ቀኑን ሙሉ ሸፍኖ መተው ግን መሬቱን ፀሐይ ይነሣዋል፤ በማግሥቱ ሌሊት ምድጃው ባዶ ይሆናል።

በዚህ ጎጆ ውስጥ ውሃ የሞላ ጀሪካን ማስቀመጥ ቀልድ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን እንዲህ ነው። 20 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 200 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይለቃል፤ ከዚያ አልፎ በረዶ መሆን ቢጀምር እንኳ እያንዳንዱ ሊትር 80 ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል። ጀሪካኑ ጥቁር ቢቀባና ቀን ፀሐይ ላይ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። በትልልቅ እርሻዎች ሌሊቱን ሙሉ በዛፉ ላይ ውሃ የሚረጩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በረዶ የሚሆነው ውሃ ሙቀቱን ለቅጠሉ ይሰጣል። ለጓሮ ግን አልመክረውም፤ ርጭቱ በመካከል ከቆመ ጉዳቱ ካልተረጨው ይብሳል፣ የቧንቧችንን ጠባይ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ጭስስ? ብዙ ሰው የጠየቀኝ ስለ ጭስ ነው። ኩበት አጭሶ ማደር ውርጭን የሚከለክል ይመስለናል። የዐይን ጭስ ግን ደመና አይደለም፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ብዙም አያግደውም። የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ነው፤ ለዚያውም ብዙ ትናንሽ እሳት ከአንድ ትልቅ እሳት ይሻላል። ትልቁ እሳት ሞቃቱን አየር ወደ ላይ እያስወነጨፈ በምትኩ ከዳር ብርድ ይስባል። ጭሱ ጥቅም ካለው ጠዋት ነው፤ የማለዳውን ፀሐይ አደብዝዞ መቅለጡን ያዘገየዋል። አጠገቡ የሣር ቤትና የገብስ ክምር ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ ትቶ ጆንያውን ያዘጋጅ።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ በየክረምቱ ብዙ ሕዝብ ያስወጣል፤ ከሚተከለው ውስጥ የፍራፍሬ ችግኝም አለበት። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ ተክያለሁ፤ ፎቶግራፍም ተነሥቻለሁ። ሐምሌ የተተከለ ችግኝ በደጋ አገር ኅዳር ላይ የአራት ወር ሕፃን ነው። የተከለው ተማሪ በዚያን ጊዜ ፈተና ላይ ነው፤ ፎቶግራፉ አለ፣ ጆንያ የሚጥልለት ሰው ግን የለም። ማኅበራችን የሐምሌውን ቀን እንደሚያዘጋጅ ሁሉ ለኅዳርም አንድ ቀን ቢያዘጋጅ ምን ይከብዳል? ጥያቄውን ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ውርጭ መትቶ ከሆነስ? እዚህ ላይ የሚበዛው ስሕተት ችኮላ ነው። የጠቆረውን ቅርንጫፍ በማግሥቱ መቍረጥ ክልክል ነው። የሞተው የቱ ድረስ እንደ ሆነ በዚያን ቀን አይታወቅም፤ የደረቀው ቅጠልም ቢሆን ከሥሩ ላለው በሚቀጥለው ውርጭ ጊዜ መጠለያ ይሆነዋል። ፍግም አይሰጠው፤ ቅጠል የሌለው ዛፍ ብዙ ስለማይጠጣ ውሃውም ይቀነስለት። ቅጠሉ የረገፈበት ግንድ በቀን ፀሐይ ይቃጠላልና ኖራ በውሃ በጥብጦ መቀባት ይጠቅማል። ከዚያም እስከ የካቲት ወይም መጋቢት መታገሥ ነው። በጥፍር ልጡን ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለ፤ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ የለም። አዲሱ ቡቃያ ከወጣ በኋላ ከእሱ በላይ ያለውን በድን መቍረጥ ይቻላል።

ተዳቅሎ በተገዛ ችግኝ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። የሎሚና የብርቱካን ችግኝ ብዙ ጊዜ በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀለ ነው፤ ከግንዱ ዝቅ ብሎ ጠባሳው ይታያል። ቡቃያው ከጠባሳው በታች ከወጣ የሥሩ ልጅ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ ያምራልም፣ ነገር ግን የሚያፈራው ያልተከሉትን ነው። ለዚህ ነው ጥቅምት ላይ ከጠባሳው ከፍ እስኪል ድረስ አፈር ከግንዱ ዙሪያ መቆለል የሚመከረው፤ የላዩ ሁሉ ቢሞት እንኳ ከጠባሳው በላይ አንዲት ዐይን ትተርፋለች። የካቲት ላይ አፈሩ መነሣት አለበት፤ አለዚያ ግንዱ ይበሰብሳል።

የአክስቴ አቮካዶ አልተረፈም። ሎሚው ግን መጋቢት ላይ ሁለት ቡቃያ አወጣ፤ አንዱ ከጠባሳው በታች፣ አንዱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ። የታችኛው ወፍራምና ደንዳና ነበር፤ ቅጠሉ እጀታው ላይ ሰፊ ክንፍ ነበረው። አክስቴ በስልክ ሲነግሩኝ የታችኛውን ቍረጡት አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ይህም ከዚያው መጽሐፍ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። ቈረጡት። የላይኛው ዐምና በጆንያ ጎጆ ሥር ከርሞ ዘንድሮ ወገባቸው ደርሷል፤ አበባ ግን ገና አላየም።